ተዋናዩ ሲጠየቅ ያለው

የያዙኝ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፊልም እያሳየሁ ሳለ ነው። ሃያ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እኔም እንደ ልማዴ ማይክሮፎን ጨብጬ የፈረንጁን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ጨዋዎች ነበሩ፤ ፈረሰኛው ወንዙን እስኪሻገር ጠበቁኝ። ከዚያ አንደኛው በጣቱ ጠራኝ። ደንበኞቼ ሽንት ቤት የሄድኩ መስሏቸው ቀሪውን ያለ ትርጉም አዩት አሉ።

የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም። ከሚዛን ብዙ አይርቅም፤ ዝናቡ ሲያባራ ወደ አማን የሚመላለሱት ባጃጆች ክላክስ ይሰማ ነበር። ክፍሉ በአንድ በኩል አራት፣ በሌላው አምስት እርምጃ ነው፤ ከእኔ ጋር አስራ አንድ ሆንን። ግድግዳው በእርጥበት እስከ ወገብ ጠቁሯል፤ ብርድ ልብሱ ሁሉ የሻገተ ዳቦ ይሸታል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። አዲስ ገቢ ሌላ አዲስ እስኪመጣ ድረስ ከባልዲው አጠገብ ይተኛል። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ አለቃ ያደረጉት ሰው፣ ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ቪዲዮ ቤት አለኝ፣ ፊልም አስተረጉማለሁ አልኩ። እንግዲያው ከምሳ በኋላ ፊልማችን አንተ ነህ አለና ነገሩ ተቆረጠ።

የታሰርኩበት ጉዳይ አንዲት ወረቀት ናት። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬዎች፣ አያቶቻቸው የያዙት የቡና ጫካ ለባለሀብት ሊሰጥባቸው ሲል ማመልከቻ አስጻፉ። አግዳሚ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ የጣት አሻራቸውን ያኖሩት እኔ ቤት ተሰብስበው ነው። የጻፈችላቸው ፍርድ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ማመልከቻ የጻፈ ሰው ከወረቀቱ ግርጌ ስሙን ያሰፍራል፤ የሙያው ልማድ ነው። እሷም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ፣ ይቅርብሽ፣ ልጆች አሉሽ ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ! ነገሩን ያከበደው ያ ባዶ ግርጌ ሆነ። ስም ከሌለ የሚደበቅ ሰው አለ፣ ከጀርባ ያዘጋጀው ወገን አለ ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ በልጅነቱ የእኔው ቪዲዮ ቤት ደንበኛ ነበር። ጋሼ እያለ ነው የመረመረኝ። ሻይ አዘዘልኝ። አንተን የሚጠላ የለም፣ የታሰሩት ገበሬዎች ማን እንደጻፈላቸው አንናገርም ብለዋል፣ የምንፈልገው የጻፈውን ሰው ስም ብቻ ነው፣ ንገረኝና ለፋሲካ ቤትህ ግባ አለኝ። እኔም የጻፈው ሰው ክፋት እንደሌለው ላስረዳ ብዬ፣ «ልጆች የምታሳድግ ምስኪን ሴት ናት» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ወዲያው ታወቀኝ። መርማሪው ቀና አላለም፤ «ሴት» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያም ጥሩ ጀምረሃል ጋሼ፣ ቀሪውን ሐሙስ ትነግረኛለህ ብሎ ሸኘኝ። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ። ክፍል ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ግን ፊልም ማቅረብ ነበረብኝ። አንድ አሮጌ አሜሪካዊ ተዋናይ አለ፤ ፊልም ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን የሠራ። ፊልሞቹን ሃምሳ ጊዜ ሳላስተረጉም አልቀርም። የሕይወት ታሪኩን የያዘ መጽሐፍ፣ ገጹ እየተቀደደ የስኳር መጠቅለያ ሊሆን ሲል ከአንድ ባለሱቅ እጅ አስጥዬ ነበርና፣ የሰውየውን ሕይወት በየቀኑ በቁራጭ ላወራላቸው ወሰንኩ።

የገበሬ ልጅ ነው ብዬ ጀመርኩ። ከታሰሩት ገበሬዎች አንድ ሽማግሌ እኔ ክፍል ነበሩ፤ ማመልከቻው ላይ መጀመሪያ አሻራቸውን ያኖሩት እሳቸው ናቸው። አፍ የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ የሚናገሩት አጭር አጭር ነው። ፊልም አይተው አያውቁም። አባቱ ምን ይዘራ ነበር አሉኝ። በቆሎ፣ አልኩ። ድርቅ መጣ፣ ዕዳ መጣ፣ ባንክ መሬቱን ወሰደው ስል ወደ እኔ ተጠጉ። ልጁ ከተማ ገብቶ ሳህን እንዳጠበ፣ የቲያትር ቤት ወለል እንደጠረገ፣ የታመመ ሰው ተክቶ ሁለት መስመር እንደተናገረ አወራሁ። ፊልም ሲገባም የመጀመሪያ ሥራው ተመትቶ ከፈረስ መውደቅ ብቻ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እየወደቀ በላ። ሽማግሌው የሞተው ሰው በማግስቱ እንዴት ተነስቶ እንደሚሞት አልገባ ብሏቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካቦው እንኳ ባልዲውን ከአጠገቤ አስነሳልኝ።

ማክሰኞ ዝናው ላይ ደረስኩ። ለማንም የማይንበረከክ ድሃ ሆኖ ሲሠራ አገሩ ሁሉ አለቀሰለት። ረቡዕ የቀረው ክፉው ክፍል ነበር። ዘመን ተለወጠ፤ የአገሩ ሸንጎ የፊልም ሰዎችን እየጠራ፣ ድሃ ሳላችሁ አብረዋችሁ የኮሚኒስቶች ስብሰባ ይቀመጡ የነበሩትን ስም ንገሩን ይል ጀመር። እምቢ ያለ ሥራ ያጣል። ይህን ቪዲዮ ቤቴ ውስጥ ሳወራ ሁልጊዜ «አልናገርም ብሎ ወጣ» እላለሁ፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ውሸት ነው። መጽሐፉ የጎደሉት ብዙ ገጾች አሉ፣ ዲስክ ሲዘል እንደማደርገው እነሱን ከራሴ እሞላለሁ። ያ ገጽ ግን አልጎደለም። ሰውየው የስድስት ጓደኞቹን ስም ሰጥቷል። አንደኛው በድህነቱ ዘመን አንድ አልጋ የተጋራው ነው።

እውነቱን ልናገር። እኔም ከሰኞ ጀምሮ የሴትዮዋን ስም በልቤ ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። ግማሹን አውጥቼዋለሁ፣ ሌላው ቢወጣ ምን ልዩነት አለው እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ያን የሚያህል ሰው ከተናገረ እኔ ማን ነኝ? ሚስቴ በር ላይ ምግብ ስታቀብል ድምፅዋን እሰማለሁ፤ የፋሲካ ዶሮ ይገዛ አይገዛ ታስጠይቀኛለች። ግዢ ብያት ነበር።

«ሲጠይቁትስ ምን አለ?» አሉኝ ሽማግሌው።

የሚያስጨበጭበው ውሸት አፌ ላይ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ አልወጣ አለኝ።

«ተናገረ» አልኩ። «የስድስት ሰው ስም ሰጠ።»

ካቦው ዛሬስ ፊልሙን አበላሸኸው ብሎ ተነሳ። ሽማግሌው ግን አልተነሱም። ጓደኛውስ አሉ። ሥራ አጣ፣ በየመንደሩ ጫማ እያዞረ ሸጠ፣ ወደ ፊልም አልተመለሰም አልኩ። ተናጋሪውስ? ተናጋሪውማ ረጅም ዕድሜ ኖረ፣ ትልቅ ቤት ሠራ፣ ሲሸልሙት ከአዳራሹ ግማሹ ቆሞ አጨበጨበ፣ ግማሹ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። እንቅልፍ ነበረው ወይ ሲሉኝ መጽሐፉ አይናገርም አልኩ። ልሞላው እችል ነበር፤ ተውኩት።



«መሬት በግድ ይወስዱብሃል» አሉ ሽማግሌው። «እኛም ወሰዱብን። ስም ግን አንተ ካልሰጠሃቸው ከየት ያመጣሉ?»

ስለ እኔ ማወቃቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። አላወቁም። ስለ ተዋናዩ ነው የሚናገሩት። ስለ አባቱ አዝነው እንደሆነ ገባኝ፣ ያ በቆሎ የሚዘራው ገበሬ መሬቱንም ልጁንም አጣ ብለው።

ሐሙስ መርማሪው ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። ሰኞ የተናገርኩትም መናገር አልነበረብኝም፣ ከዚያ በላይ የለኝም አልኩት። ፈገግ አለ። ያ ተዋናይ አልናገርም ብሎ ወጣ እያልክ ታወራልን ነበር፣ አሁን እሱን ልትሆን ነው አለኝ።

«እሱማ ተናግሯል» አልኩት። «እናንተን ዋሽቻችሁ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ስድብ የሰደብኩት ያህል ፊቱ ተለወጠ፤ እምቢ ካልኩት ይልቅ ይሄ ሳይከፋው አልቀረም። እስክሪብቶውን አንስቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩና ተነሳሁ። ወደ ክፍል ስመለስ ለሚስቴ ዶሮውን ተይው ብዬ ላክሁባት።

ፋሲካን እዚያው ዋልን። የሽማግሌው ምራቶች ቆጮና ሥጋ አምጥተውልን አስራ አንዳችን ተካፈልን። አምስት ሳምንት ቆይቼ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ ገበሬዎቹም ከወር በኋላ ወጡ። ጫካው አልተመለሰም፤ አሁን ሽቦ ታጥሮበታል። ሽማግሌው ገበያ ሲመጡ ጎራ ይላሉ፣ ፊልም ግን አይወዱም።

አሁን ቤቴ በአብዛኛው ኳስ ማሳያ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ የተዋናዩን ፊልም ሳሳይ ታሪኩን እንዳለ አወራለሁ፤ የሚያጨበጭብ የለም። ሰው ፊልሙን ይወዳል፣ በሰውየው ያዝናል። እኔም እንደዚያው። ሴትዮዋ ግን በጥላዋ ሥር ሆና በየጠዋቱ፣ እንዴት አደርክ የእኛ ጀግና ትለኝ ነበር። ያ ቃል እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። በዚህ ክረምት መቻል አቃተኝና ሄጄ፣ ሴት መሆንሽን የነገርኳቸው እኔ ነኝ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ማክሰኞውን መጻፍ የምንችለውን ሴቶች ሰብስበው የእጅ ጽሑፋችንን ሊያመሳክሩ አጻፉን። እኔ በግራ እጄ ጻፍኩላቸው።»

ታዲያ ለምን ጀግና ትይኛለሽ አልኳት።

የምትጽፈውን አቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ ልጆቿን አጥባ፣ የቀኑን ምግብ አብስላ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ የቤቷን ቁልፍ ትታ ትወጣ እንደነበር ነገረችኝ። ሄዳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ፖሊሶቹን ትጠብቃለች። አይመጡም። ማታ ስትገባ፣ ዛሬም አልተናገረም ትላለች።

«እስከ መቼ ጠበቅሽ?» አልኳት።

«እስክትፈታ ድረስ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ፣ በአንዲት ቃሌ። ይቅርታ ልላት ስጀምር ወንበር ሳበችልኝና ተቀመጥ አለችኝ፤ ተቀመጥኩ።