የበደሳው ሱሪ

ጎረቤቴ ሀኒፋ ተቀምጣ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። ቆማ ትሰፋለች፤ ግቢዋን እየዞረች ትሰፋለች፤ ወሬ ሲመጣ ደግሞ ልብሱን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች እስከ አጥሩ መጥታ ትሰፋለች። መርፌው ሥራ ሲፈታ ጆሮዋ አጠገብ ሻሿ ላይ ይሰካል። «አንድ ቀን ዓይንሽን ታወጪዋለሽ» ስላት፣ «አቦ ተይኝ ዓይናዲስ፣ እኔ ከተቀመጥኩ እጄም ይተኛል» ትለኛለች።

ጭሮ ውስጥ ሰልባጅ ገዝቶ ልኩ ያልሆነለት ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ጫት የሚጭነው ሰውዬ ጉልበቱ ድረስ የወረደ ጃኬት ያመጣል፤ አስተማሪዋ ሁለት ሰው የሚያስገባ ቀሚስ። የስፌት መኪና የላትም፣ እንዲኖራትም አትፈልግም። የመኪና ስፌት ሲተረተር ጨርቅ ይጎዳል፣ የእጅ ስፌት ግን ሰው ሲወፍር በሰላም ይፈታል ባይ ናት።

በወንድ ልብስ ላይ ደንብ አላት። ባዳ ወንድ አትለካም፤ እንኳን ልትለካው፣ ባለሱሪው ግቢዋን አይረግጥም። ሚስቱ ወይ እህቱ እንዲያጥር የተፈለገውን ሱሪና ልኩ የሆነ አንድ አሮጌ ሱሪ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ሀኒፋ አዲሱን በአሮጌው ልክ ታደርገዋለች። የከተማውን ግማሽ ወንድ የእግር ርዝመት ታውቃለች፣ ፊቱን ግን አታውቅም። እኛም ለምደነዋል።

ሌላው አመሏ ማስተካከል ነው። ጠማማ ነገር ካየች አበቃ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የሳሎኔን መጋረጃ አውርዳ፣ ዘምዝማ፣ መልሳ ሰቅላው አገኘሁ። ማን አዘዘሽ ብላት፣ «አንደኛው ወገን ወርዶ ነበር፤ በደጅሽ ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል» አለች። ሰው ቤቴ ገብቶ ሲያስተካክለኝ አልወድም፣ በጣም ተናደድኩ። መጋረጃው ግን አምሯል፣ ምን ልበላት?

ባለፈው ዓመት ልጇ ነጅዋ ታጨች። ነጅዋ በደሳ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያው የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አብዱረዛቅ የሚባል ልጅ ሽማግሌ ላከ። የመጡት ሽማግሌዎቹና አክስቱ ሀሊማ ብቻ ስለነበሩ ሀኒፋ ልጁን አላየችውም። ባሏ ሙሜ ሚኤሶ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ሲጠግን ይከርማል፤ በስልክ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሎ ነገሩን ለእሷ ተወው። እሷም ጸባዩን ብቻ ጠያይቃ፣ ሲያመሰግኑላት እሺ አለች።

የጋብቻው ኒካ ሲቃረብ ሀሊማ ለክብር ብላ የሙሽራውን አዲስ ሱሪ ከአሮጌው ጋር ላከች። «አማቱ እያለች ሌላ እጅ አይነካውም» አለች አሉ። ሀኒፋ አሮጌውን አልጋ ላይ ዘርግታ ጠራችኝ።

«ነይ እዪ፣ የበደሳን ልብስ ሰፊ ጉድ!»

የግራው እግር ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል። «ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሰፋው?» አልኩ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሀኒፋ የአዲሱን ሱሪ ሁለቱንም እግር በቀኙ ልክ አድርጋ፣ ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ አሳምራ ዘመዘመችና መልሳ ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ሀሊማ ራሷ ሱሪውን ይዛ መጣች።

«ሥራሽ ወርቅ ነው፣ ማሻአላህ» አለች። «የግራው ብቻ መሬት ይጠርጋል። እንደ አሮጌው በሁለት ጣት ከፍ አድርጊው። እግሩን ታውቂው የለ? በልጅነቱ ከተሰበረ ወዲህ ያጥራል፤ ያነክሳል።»

ሀኒፋ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ግን የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ናትና፣ ፊቷ ሳይለወጥ እንግዳዋን አብልታ አጠጥታ ሸኘች። ሀሊማ ከዓይን እንደራቀች መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ሱሪውን አነሳችው፣ ወረወረችው፣ ወጣች፣ ገባች።

«ደበቁኝ፣ ዓይናዲስ! ልጄን እንደዚህ ሸፍነው ሊወስዱብኝ! ማሎ፣ ምን በደልኳቸው?»

«ማነከስ ነውር ነው እንዴ?» አልኳት።

«ማነከሱ አይደለም፣ መደበቃቸው ነው!»

እንጃ። እኔ እንደማውቃት ማነከሱም ነበር።

ሱሪውን እንዳለ መልሳ ጋብቻውን ልታፈርስ ቆረጠች። መጀመሪያ ግን ነጅዋ ትምጣ ብላ ደወለችላት። ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ ሀኒፋ ያበደች መሰለችኝ። የአስተማሪዋን ቀሚስ ሰፍታ ተረተረችው፤ ደግማ ሰፍታ ደግማ ተረተረችው። ክር ይዛ ትወጣና ለምን እንደወጣች ይጠፋታል። ሚኒባስ በተሰማ ቁጥር በሩ ላይ ናት። እኔም የራሴን ቤት ትቼ ከኋላዋ ስዞር ዋልኩ፤ ደከመኝ፣ ደግሞም ፈራሁላት።

ነጅዋ ስትገባ ልሄድ ተነሳሁ። «የት ልትሄጂ? አንቺም ስሚ» አለችኝ ሀኒፋ። ከዚያ ሱሪውን ልጇ ፊት ዘረጋችው።

«ይሄን ታውቂያለሽ ወይስ አንቺንም አታለሉሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ነጅዋ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። «መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት አስፋልት ሲሻገር ነው መጀመሪያ ያየሁት።»

«ታዲያ እነሱ ለምን ደበቁኝ?»

«እነሱ አልደበቁሽም፣ እማ። ሽማግሌዎቹ ሊነግሩሽ ነበር። አትንገሯት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ለአክስቱ አልነገርኳትም እንጂ።»

«አንቺ? ከኔ?»

«አንቺ የጎደለ ነገር ካየሽ እንቅልፍ የለሽም። እኔን ጸጉሬን፣ አካሄዴን፣ ሳቄን ስታስተካክዪ ነው ያደግኩት። እሱን እንድታስተካክዪብኝ አልፈለግኩም። ኒካው ካለቀ በኋላ ብታውቂ ምንም አታመጪም ብዬ ነው።»

«እኔን ፈርተሽ?»

«አዎ፣ አንቺን ፈርቼ።»

ጩኸት ይመጣል ብዬ በሩን በዓይኔ ፈለግኩ። የሀኒፋ ፊት ግን አንዴ ጥውልግ ሲል ሳየው አንጀቴን በላችው። ሱሪውን አንስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። የግራውን ዝምዝማት በምላጭ ፈታችው፣ ሁለት ጣቷን አስደግፋ ጨርቁን ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ መርፌውን ከሻሿ ነቀለች። ክሩ አልገባ እያላት ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣

«ያመዋል?» አለች።

«ምኑን?»

«እግሩን። ሲሄድ ያመዋል ወይ?»

ነጅዋ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሻንጣዋን እንደያዘች አለቀሰች።