ከተጣሉ ጃንጥላዎች የተሠራ ስለት

በሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስለት የሚቀበለው ፈንታው መጀመሪያ ያየው ጃንጥላውን ነው። ጨርቁ ጥቁር፣ ቀይና አበባማ ነው፤ ሰው ሰብሮ ከጣላቸው ጃንጥላዎች ተፈትቶ፣ በድርብ ስፌት ተጋጥሞ፣ ጠርዙ ከአሮጌ ቀሚስ በወጣ ጥለት ተዘግቷል። ያመጣችው ሴት ነጠላዋ የተጣፈ ቢሆንም ንጹሕ ነው። የእሷም የሁለት ሴት ልጆቿም ጣት በመርፌ ተበሳስቷል። ፈንታው ከመለሳት ስለቷ ሳይገባ ሊቀር ነው።

«እትዬ፣ ለታቦት ውራጅ ይሰጣል እንዴ?» አላት።

«ልጄን ሲምርልኝ አዲስ ግዢ አላለኝም።»

ከኋላዋ አዲስ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሰውዬ ሳቀ። «ሱቁ ሞልቶ የለም እንዴ፣ እናቴ?»

«እኛ ዳዊት እየደገምን ሰፍተነዋል። ያንተን ማን ሰፋው?»

ዝናቡ መጣ። «ጠብ ካለ መልስልኝ» ብላ ለፈንታው ከፍታ አሳየችው። ጠብ አላለም። የስለት ጃንጥላ አይከፈትም ብለው አዲሱን ከነፕላስቲኩ ያቀፉት ሰዎች እየተጋፉ ከሥሩ ገቡ፤ የሳቀውም ገባ።

ፈንታው እጁን ዘረጋ። «እሺ፣ ያምጡት።»

«ቆይ፣ ያባራ» አለችው፣ እጀታውን ጠበቅ አድርጋ። «ስለተኛው በሰበሰ እኮ።»