የፌልብሩክ ወንበር ሰፊዋ

ሂልትሩድ ክነድለር ፌልብሩክ ፋብሪካ የገባችው በ1942 መከር ላይ፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ምሥራቅ ግንባር ዘምቷል፤ እናቷ ከከተማው በላይ ባለው የወይን ተዳፋት ላይ በቀን ሥራ ትውላለች። በዚያች ኔካር ወንዝ ዳር በተኛች ከተማ ልጅ ሲወለድ፣ ወንድ ከሆነ «ለሞተር ክፍሉ»፣ ሴት ከሆነች «ለወንበር ክፍሉ» ይባል ነበር። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም።

የወንበሩ ነገር ከመሥራቹ የመጣ ነው። ጎትሎብ ፌልብሩክ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በ1911 የመጀመሪያዋን መኪና ከአባቱ ጋጣ ውስጥ ሲገጣጥም ሞተሩን ከሌላ ሰው ገዛ፤ መቀመጫውን ግን በገዛ እጁ ሰፋው። ሞተሩ በሁለት ዓመቱ ሞተ፤ መቀመጫው ዛሬም በፋብሪካው መግቢያ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የድሮ ባለታክሲዎች «ሞተር ሁሉም ጋ አለ፤ ወገብህን ግን ለፌልብሩክ ስጠው» ይሉ ነበር። የከተማው ሰው ይህችን አባባል እንደ ጸሎት ያውቃታል።

ሂልትሩድ በገባችበት ዘመን ግን ባለታክሲም፣ ሐኪምም፣ ቄስም መኪና አይገዛም። ፋብሪካው የሚሠራው ለሠራዊቱ ብቻ ሆኗል። በሦስተኛው አዳራሽ ሴቶቹ የጭነት መኪና መቀመጫ ሲሰፉ ይውላሉ። ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት የስፌት መኪና ፊት ለፊት በተገጠመበት፣ ሂልትሩድን ከአንዲት ከፖልታቫ አካባቢ በግድ ከመጣች የዩክሬን ልጅ ጋር አስቀመጧት። ልጅቱ ፓራስካ ትባላለች፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ደረቷ ላይ ከምሥራቅ የመጣች መሆኗን የሚናገር ሰማያዊ ጨርቅ ተሰፍቶባታል። ከፋብሪካው ጀርባ በሽቦ በታጠረ የእንጨት ቤት ውስጥ ከሌሎች አራት መቶ ሴቶች ጋር ታድራለች። ከእነሱ ጋር ማውራት ክልክል ነው፤ ምግብ ማካፈልም እንዲሁ።

ፓራስካ የበግ ቆዳ ካፖርት ሰፊ ልጅ ነበረች። ሂልትሩድ መርፌው ቆዳው ላይ እየሸሸባት ስትቸገር፣ ፓራስካ ካቦው ዞር እስኪል ጠብቃ እጇን በእጇ ይዛ አሳየቻት፤ ክሩን በሰም አሽታ፣ ቆዳውን በአውራ ጣት ገፋ እያደረገች፣ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ይዛ። ቃል አልነበረም፤ እጅ ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ ሂልትሩድ ከአዳራሹ ጀርመን ሴቶች ሁሉ የተሻለች ሰፊ ሆነች። ካቦ ሽቴከር የእጇ ነገር ከአያቷ የወረደ ነው እያለ ያወራላት ጀመር። እሷም አላረመችውም።

በ1944 የካቲት ላይ የአባቷ ደብዳቤ ቆመ። ቀጥሎ «የገባበት አልታወቀም» የሚል ወረቀት መጣ። በዚያ ሳምንት ሂልትሩድ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ምን እንደሠራች አታውቀውም ነበር። ክሩ ላልቶ ሲሄድ አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላ ግድ አላላትም። ከወር በኋላ ስፌታቸው የተተረተረ አርባ መቀመጫዎች ተመለሱ። ሁሉም የሰባተኛው ጠረጴዛ ምልክት አለባቸው። በዚያ ዘመን ይህ ስንፍና አይባልም፤ አሻጥር ነው።

ከሠራዊቱ የመጣው መርማሪ ከካቦው ጋር ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ካቦው ስፌቱን አይቶ የማን እንደሆነ ያወቀ ይመስላል፤ ሂልትሩድ እስከ ዕለተ ሞቷ እንዲያ ነበር የምታስበው። ጥያቄውን ግን ለሁለቱም አላቀረበም። ዓይኑን ከሂልትሩድ ወደ ፓራስካ አዞረና በአገጩ አመለከተ። ሂልትሩድ ዓይኗን ስፌቱ ላይ ተከለች። «የኔ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ፓራስካ ሽርጧን ፈታ፣ በሥርዓት አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችና ከሁለት ዘበኞች ጋር ወጣች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ከቅጣት ካምፕ ተመለሰች። ጠጉሯ ተላጭቷል። የግራ እጇ ሁለት ትናንሽ ጣቶች መታጠፍ እምቢ ብለዋል። ተቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። ሂልትሩድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳቦዋን ግማሽ ጠረጴዛው ሥር ባለው መሳቢያ ትተውላት ነበር። ፓራስካ ቀና ብላ ሳታያት ትወስደዋለች። ይቅርታ ይሁን ንቀት ሂልትሩድ አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ከተማውን አልፎ ሄደ። ሴቶቹም በጭነት መኪና ተጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለቱ አልተሰነባበቱም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካው ከፍርስራሽ ተነሣ። በ1950 አዲሱ መኪና ወጣ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሊዝበን እስከ ቴህራን ድረስ ሐኪምና ነጋዴ ወረፋ የሚይዝለት ሆነ። ሂልትሩድም አብራ ተነሣች። የሰፊዎች አስተማሪ ሆነች። «የክነድለር ስፌት» የሚባል ነገር መጣ፤ እንግዳ ሲጎበኝ ጠርተው እጇን ያሳያሉ። በተመሰገነች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ሰው ትሕትና ይለዋል። ከቀለም ክፍል ኤርቪን የሚባል ዝምተኛ ሰው አገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ መኪናቸውን ሲያጥብ፣ እሷ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትፈራረቀው የጽዳት ተራዋ ሲደርስ ደረጃውንና የቤቱን ፊት ትጠርጋለች። ስለ ፓራስካ ለእሱም አልነገረችውም።

በ1986 ፋብሪካው ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። ዶክተር ፋይገ የሚባል ወጣት የጽሕፈት ቤት ሰው የበዓሉን መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ታዘዘና ወደ ሂልትሩድ ቤት መጣ። የጦርነቱን ጊዜ ከሚያስታውሱት ሠራተኞች እሷ አንዷ ናት። ለመጽሐፉ ሽፋን እጇን ፎቶ ሊያነሣ ነበር የመጣው። ስለ ጥንቱ ጠየቃት፤ ሳታስበው ስለ ሽቦው፣ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ስለ አራት መቶዎቹ ነገረችው። ስለ አርባዎቹ መቀመጫዎች ግን ያኔም ዝም አለች። ፋይገ ብዙ ጻፈ። ረቂቁ ሲመጣላት ግን የነገረችው ሁሉ «በዚያ አስቸጋሪ ዘመን ትጉ እጆች ሥራውን አስቀጠሉ» በምትል አንዲት መስመር ተጠቅልሎ አገኘችው። ረቂቁን ይዛ ቢሮው ሄደች።

«ወይዘሮ ክነድለር፣ ውሸት ነው አላልኩም» አላት ፋይገ፤ ፊቱ ቀልቷል። «የልደት ቀን ላይ የቀብር ወሬ አይወራም ነው የሚሉኝ ከላይ። የፌልብሩክ ስም እኮ የእርስዎም ስም ነው።»

«ሰባ አምስት ዓመት ብላችሁ ቆጥራችሁ የለ?» አለችው። «እንግዲያው እነዚያን ሦስት ዓመታት ቀንሱና ሰባ ሁለት በሉት።»

ፋይገ ረቂቁን ማገላበጥ ጀመረ። እሷም እጄን ከሽፋኑ ላይ አውጡልኝ ብላ ሄደች። አላወጡትም።

በዓሉ ሰኔ ላይ በከተማው ትልቅ አዳራሽ ተደረገ። ሥራ አስኪያጁ፣ ከንቲባው፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ ሁለት ሺህ ሠራተኛ ነበር። ሂልትሩድን መድረክ ላይ ጠርተው የወርቅ ዓርማ ደረቷ ላይ ሰኩላት። ፕሮግራሙን የሚመራው ሰው ድምፅ ማጉያውን አስጠግቶ፣ ይህን የመሰለ እጅ ከማን ወረሱት ብሎ በፈገግታ ጠየቃት። ካቦ ሽቴከር ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ያ የአያቷ ተረት ግን አልሞተም። ሁሉም እሱን ነበር የሚጠብቀው።

«ከፓራስካ ነው» አለች ሂልትሩድ። «በግድ ከዩክሬን የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን። አንድ ጊዜ መቀመጫ አበላሸሁ። እሷን ሲወስዷት ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ቀን አሰሯት፤ ጣቷ ተሰብሮ መጣች። እጄን ስታዩ እሱንም እወቁት ብዬ ነው።»

ከአዳራሹ መጨረሻ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። የሙዚቃው መሪ ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው እጁን አነሣና ጓዱ መጫወት ጀመረ።

ከመድረክ ስትወርድ የሃያ ዓመት የሥራ ባልደረባዋ ሮዝቪታ መንገድ ዘጋቻት። «የበላሽበትን ወጪት ሰበርሽ» አለቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ወጪቱ ድሮውንም የተሰነጠቀ ነው፣ ሮዝቪታ። እኔ የሸፈነውን ጨርቅ ነው ያነሣሁት።»

ኤርቪን እስከ ቤት ድረስ ነዳ። ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ነበር የተናገረው።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ትራስ ተንተርሰን፣ እኔ ከከተማው ሕዝብ ጋር እኩል ልስማው?»

«ላንተ ብነግርህ ታጽናናኝ ነበር» አለችው። «እኔ ደግሞ መጽናናት አልፈለግኩም።»

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፋት። ጎረቤትም ሰላምታ ነሣ፤ ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ቅዳሜ የጽዳት ተራዋ ደረሰ። ሂልትሩድ መጥረጊያውን ልታነሣ ስትል ኤርቪን ከእጇ ወሰደው። በሕይወቱ ጠርጎ የማያውቀው ሰው ወጥቶ የቤቱን ፊት እያዘገመ መጥረግ ጀመረ። የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንደምን አደሩ» ይላል። መልስ እስኪሰጡት ከመንገዳቸው አይነሣም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

መከር ላይ ፋይገ አንድ ካርቶን ታቅፎ ቤታቸው መጣ። ከበዓሉ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከማሞቂያው ክፍል ጀርባ ያለውን ምድር ቤት ሲበረብር ከርሞ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት የሠራተኛ ካርዶች አሉ፤ ስም፣ መንደር፣ የተወለዱበት ዘመን። ጦርነቱ ሲያልቅ እንዲቃጠሉ ታዞ ነበር፤ የታዘዘው ሰው ሰነፍ ሆኖ ተረፉ። ፋይገ ካርዶቹን ለአለቆቹ ሲያሳይ ሥራውን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩ ሰሚ እስኪያገኝ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና፣ ሰው ሳይጠይቀን እኛው እንናገረው ብሎ የታሪክ ተመራማሪዎች ቀጠረ። ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የሚያሻግረው ድንበርም በዚያው ሰሞን ተከፈተ። ደብዳቤዎች ወደየመንደሩ ሄዱ፤ በ1992 ጸደይ በሕይወት ከተገኙት አሥራ አራት ሴቶች ተጋብዘው መጡ። ፓራስካ አንዷ ነበረች።

ሂልትሩድ ቤቷ ጠራቻት። የምስር ወጥ ሠርታ፣ ከላዩ የሚደረገውን የሊጥ ቁርጥራጭ በገዛ እጇ ከትፋ ቀቀለች። ፓራስካ ከልጇ ከኦሌና ጋር መጣች፤ ኦሌና ጀርመንኛ አስተማሪ ስለሆነች ታስተረጉማለች። ፓራስካ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ባለ ሻሽ አሮጊት ሆናለች። ገና ከመቀመጣቸው ሂልትሩድ ለዓመታት ያጠናችውን ተናገረች። አርባዎቹ መቀመጫዎች የኔ ነበሩ፤ ያንቺ ጥፋት አልነበረም፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ኦሌና አስተረጎመች። ፓራስካ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«የምን መቀመጫ?» አለች። «እኔ እኮ በቀይ ሥሩ መስሎኝ ነው። ያን ሰሞን ሁለት ቀይ ሥር ሰርቄ ከከሰሉ ክምር ሥር ደብቄ ነበር። አገኙብኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ምን እንደሚሉ መች ገባኝና። ለልጆቼም እንደ ቀልድ ነው የነገርኳቸው፤ እናታችሁ ሌባ ነበረች፣ ተቀጣች እያልኩ።»

ጣቶቿን ተመለከተች። «የራሴ ጥፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለምን ነገርሽኝ?»

«ያንቺ ስለሆነ» አለች ሂልትሩድ። «ያንቺን ነገር አርባ ስምንት ዓመት ይዤብሽ ኖርኩ።»

ፓራስካ ተነሣች። ምግቡ ሳይነካ ወጡ። ሂልትሩድ መስኮት ላይ ሆና አየቻቸው፤ እናትየዋ ጥግ ላይ ደርሳ አጥር ተደግፋ ቆመች፤ ልጅየዋ ትከሻዋን አቀፈቻት። ኤርቪን ሊከተላቸው ቢል ሂልትሩድ ከለከለችው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደወሉ ተደወለ። ፓራስካ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ አልገባችም።

«አዲስ መጽሐፍ እየጻፉ ነው አሉ» አለች በኦሌና አፍ። «እዚያ ላይ ጻፊው። በስምሽ። ‹አንዲት ሠራተኛ› እንዳትዪ። የኔንም ስም ከነአባቴ አድርጊው። የልጅ ልጆቼ ሌባ እንዳልሆንኩ ያንብቡ።» ቀጥላም፣ «ቀይ ሥሩን ግን ሰርቄያለሁ፤ እሱን አትንኪው» አለች።

«እሺ» አለች ሂልትሩድ።

ፓራስካ ወደ ውስጥ አሻግራ አየች። «ያ የትናንቱ ምስር ተርፏል?»

ተርፎ ነበር። ሂልትሩድ አሞቀችው። ብዙ ሳይነጋገሩ በሉ።

መጽሐፉ በ1994 ወጣ። የፓራስካና የሂልትሩድ ነገር አንድ ገጽ ሆነ፤ ከነስማቸው፣ ሂልትሩድ እንደጻፈችው። ስሙ ይጠፋል ተብሎ የተፈራለት መኪና ግን መሸጡን አላቆመም። ከሃምቡርግ አንድ ጡረታ የወጣ ባለታክሲ ለፋብሪካው ሲጽፍ፣ ሠላሳ ዓመት በተቀመጥኩበት ወንበር ዙሪያ ማን ማን እንደነበረ አሁን አወቅኩ፤ ስላልደበቃችሁኝ አመሰግናለሁ ብሎ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በየገናው ይጻጻፉ ጀመር። የፓራስካ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ስለ ላሟ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበቷ። ስለዚያ ነገር አንድም ጊዜ አላነሣችም፤ «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ቃልም አልጻፈችም። ሂልትሩድም አልጠበቀችም።

በ2001 ኦሌና የእናቷን ሞት ስትነግራቸው ሂልትሩድና ኤርቪን ባቡር ተሳፍረው ሄዱ። ቀብሩ አልፎ የአርባው መታሰቢያ ላይ ደረሱ። በግቢው ረጅም አግዳሚ ላይ የመንደሩ አሮጊቶች ተደርድረዋል። እንግዳዋ ማን ናት ብለው ጠየቁ። ኦሌና ወደ ሂልትሩድ ጠጋ ብላ ምን ልበላቸው አለቻት።

«ሁሉንም» አለች ሂልትሩድ።

ኦሌና ብዙ ተናገረች። ሂልትሩድ ቋንቋውን ባትሰማም የፋብሪካው ስም ሲነሣ፣ የራሷም ስም ሲነሣ ሰማች። ሴቶቹ ሂልትሩድን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ከዚያ ከሁሉም ያረጀችው ሴት አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ጎሰም አደረገችና ሁለቱም ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት።