የደመቀች መዳፍ

ቆቦ ውስጥ ደህና ጠጅ የት ይገኛል ብሎ የጠየቀ ሰው ከአስፋልቱ ወደ ገበያ በሚያስገባው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይላካል። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የሚመጣው አውቆ ነው የሚመጣው። የደመቀች ስም በትልቁ ተጽፎ የቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ እሱም ከከተማው ውጭ፣ ግንቡ ሥር። ታፔላውን በብረት የበየድኩት እኔ ነኝ፤ የነቀልኩትም እኔው ነኝ። በመካከሉ የሆነው እንዲህ ነው።

ደመቀች ጠጅ መጣል የተማረችው ከእናቷ ነው። ማሩን የምትገዛው ከዞብል ተራራ ከሚያወርዱ ገበሬዎች ሲሆን፣ ከነሰፈፉ ካልሆነ አትወስድም። እንስራውን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች፣ ማሩን በውኃ በጥብጣ ትጨምራለች፣ ጌሾውን ስታስገባና ስታወጣ ማንንም አታስጠጋም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው። ቆላው ሲሞቅ ቶሎ ይፈላል፣ የፈላ ሁሉ ግን አልደረሰም። «ገና ነው» ካለች ገና ነው፤ ደንበኛው ባለሥልጣን ይሁን ባለ ሲኖትራክ ተመልሶ ይሄዳል። የሚኒባስ ሾፌሩ አበባው አንድ ጊዜ ከበሩ ሲመለስ፣

«ደሙ፣ ያንቺ ጠጅ እንደ ሰው ዘጠኝ ወር ነው እንዴ የሚረገዘው?» አላት።

«አንተም ሳትቸኩል ተወልደህ ቢሆን ደህና ሰው ይወጣህ ነበር» አለችው። ይህ ንግግር መናኸሪያው ድረስ ደርሶ በአበባው ለብዙ ጊዜ ሲያስቀልድበት ኖሯል።

በደመቀች ቤት አንድ ነገር አይታለፍም። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ለእንግዳው ትቀዳለች። ልማዱ የሷ ፈጠራ አይደለም፤ አሳላፊ ቀድሞ መቅመሱ የቆየ ነው። መነሻው የመርዝ ፍራቻ ነበር ይባላል፣ ዛሬ ያንን የሚያስብ የለም። አብዛኛው ጠጅ ቤትም ትቶታል። ደመቀች ግን ለማንም ሳትቀምስ ቀድታ አታውቅም። ለእሷ መቅመስ ማለት «ይህ የኔ ነው፣ አንተም የኔ እንግዳ ነህ» ማለት ነው። ሳይቀመስ የተቀዳ ጠጅ ለጠላት ነው ትላለች።

ባሏ አስፋው ግንበኛ ነበር። እሑድ እሑድ የሚሄደው ወደ ግንቡ ነው። ግንቡ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ ያለ ፍርስራሽ ነው፤ ሲሚንቶም ጭቃም የሌለበት፣ ተጠርቦ የተገጣጠመ ድንጋይ፣ ግማሹ የተናደ ደረጃ፣ ጣሪያ የሌለው ክፍል። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነበር ይላል፣ ሌላው የንጉሥ ግምጃ ቤት። አስፋው እዚያ ክርክር ውስጥ አይገባም። በር የነበረው ይኸ ጋ ነው፣ የዝናቡ ውኃ የሚወጣው በዚህ ነው፣ ይህ ድንጋይ ከሌላ ቤት ተነቅሎ የመጣ ነው፣ ዳሩ ላይ ያለው ጥርብ አይገጥምም፤ ይህንን ያሳያል፣ ያበቃል። አብሮት የሚሄደው ረዳቱ ተዋቸው ነበር። አስፋው ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ተዋቸው ነው። ከቀብሩ በኋላም አልራቀም፤ የቤቷ ቆርቆሮ ሲገነጠል የመታው፣ ማሩን ከተራራው ሥር በባጃጅ ያመጣላት እሱ ነው። ደመቀች ለሰው ስታስተዋውቀው «የአስፋው እጅ» ትለዋለች።

ሐሳቡን ያመጣውም እሱ ነው። ሰዉ ግንቡን አይቶ በደረቀ ጉሮሮ ይመለሳል፣ አንቺ ጋ ደግሞ ጠጁን ጠጥቶ ምንም ሳያይ ይሄዳል፣ ለምን አንድ ላይ አናደርገውም አላት። ተስማሙ። ጧት ሳይሞቅ እንግዶቹ በባጃጅ እስከ ኮረብታው ሥር ይሄዳሉ፣ ተዋቸው ይዟቸው ይወጣል፣ ያስጎበኛል። ሲወርዱ ከትልቁ ሾላ ጥላ ሥር ደመቀች ትጠብቃቸዋለች፤ ለስላሳውን፣ መካከለኛውንና ደረቁን ጠጅ በተራ ታቀምሳለች፣ ለማይጠጣ ብርዝ አለ። ከዚያ ምሳ ነው። ለምሳው ሁለት ፍየል በሁለት ቢላ ይታረዳል፤ የክርስቲያኑን ድስት ደመቀች፣ የሙስሊሙን ጎረቤቷ ሙሚና ትይዛለች፤ ማሽላ እንጀራው የጋራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ደመቀች አጥብቃ ተናገረች፦ ስሜ ባለበት ቦታ ከእኔ እንስራ ያልወጣ ጠጅ አይቀዳም። ተዋቸው እጇን መትቶ እሺ አላት። ታፔላውን ያሠሩኝ ያኔ ነው።

ሥራው ያዘ። ወልድያና ደሴ ድረስ ተወራ። ለጎብዬና ለዋጃ ትምህርት ቤቶች የተመደቡ አስተማሪዎች ዘመድ ሲመጣባቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። ተዋቸውም ማስጎብኘት ቻለበት። የአስፋውን ቃል ከነአነጋገሩ ይዞታል፣ በላዩ ላይ ግን አንዲት ንግሥት ጨምሮበታል፤ ንግሥቲቱ በዚያ ደረጃ ላይ ቆማ ጠጅ ስትጠጣ ነበር ይላል። ደመቀች ስትሰማ ይህችን ከየት አመጣሃት አለችው።

«እትዬ ደሙ፣ ድንጋይ ብቻውን ለፎቶ አያምርም» አላት። ሳቀችና ተወችው።

ፎቶ ወዳድ ነው። አንድ ቀን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ አፏ ጋ አድርሳ፣ በሙሚና ቀልድ እየሳቀች ሳለ አነሳት። ለፌስቡክ ነው አላት። መልኳ ደህና ስለወጣ ደስ አላት።

ኋላ ላይ አንድ ትልቅ ቡድን ተመዘገበ፤ ከወልድያና ከደሴ የሚመጡ የጤና ሠራተኞች። ደመቀች እንስራዋን ከፍታ አሸተተች፣ አልደረሰም። ያለፈው ጠጅ አልቋል። ቀኑን አሳልፈው አለችው፤ እንግዶቹ መኪና ተከራይተዋል፣ አይሆንም አላት። እንግዲያው ግንቡን ይዩ፣ ብርዝ ይጠጡ፣ ምሳቸውን ይብሉ፣ ጠጁን ለሌላ ጊዜ እንጋብዛቸዋለን አለችው። ጥቂት አሰበና እሺ አለ። በእሺታው መቅለል ሙሚና ትንሽ ተገርማ ነበር፣ ደመቀች ግን አላሰበችበትም።

እሑድ ጧት ሾላው ሥር ብርዙን አዘጋጅታ ስትጠብቅ ተዋቸው ጀሪካን ይዞ ደረሰ። ካለፈው ዙር የተረፈ ጠጅሽን ቤት አስቀምጬው ነበር፣ ዛሬ ላድንሽ ብዬ ነው አላት። የቀረ መኖሩን አላወቀችም ነበር፤ አመነችው፣ እንዲያውም መረቀችው። ጀሪካኑን ራሱ ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጠና እንግዶቹን ይዞ ሽቅብ ወጣ።

እንግዶቹ ፀሐይ መትቷቸው፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ወረዱ። ጥላው ሥር በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ ብርሌው ታደለ። ተዋቸው ስለ ንግሥቲቱ የጀመረውን ጨረሰና እጁን ወደ ደመቀች ዘረጋ። ደመቀች እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

ስኳር ነው። የማር ጣዕም የለበትም፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ጌሾው ጉሮሮ ይይዛል። መዳፏን አየችው፤ ቢጫው ቀለም በመስመሮቿ ውስጥ ቀርቷል። ማር እንዲህ አያቀልምም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። አትቀዳ ነገር፣ ሰው ይጠብቃል። ትቀዳ ነገር፣ መዳፏ ምን ሊሆን ነው?

ቀድማ የተናገረችው ከፊት የተቀመጠች ኤሌኒ የምትባል የደሴ ፋርማሲስት ናት። ደስ ብሏት ነው።

«ቆይ፣ እናቴ፣ እርስዎ ጠርሙሱ ላይ ያሉት አይደሉም እንዴ? በዚሁ መዳፍዎ ነው የማውቅዎት።»

የምን ጠርሙስ ስትላት ኤሌኒ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ወልድያ በነበረ ባዛር ላይ የገዛችውን ጠርሙስ ጓደኞቿ ጋ ሆና ፎቶ አንስታዋለች። ጠርሙሱ ላይ ደመቀች አለች፤ መዳፏ አፏ ጋ፣ እየሳቀች። ከሥሩ «የደመቀች የማር ጠጅ፣ ቀምሳ ያቀረበችው» ይላል። ብዙ ቦታ ይሸጣል አለቻት ኤሌኒ፣ ራሷም ከአንዴ ሁለቴ ገዝታዋለች፣ ትንሽ ራስ ምታት ቢኖረውም።

ደመቀች ስልኩን መለሰችላትና ተዋቸውን ወደ ድስቶቹ ጋ ጠራችው። ሙሚና እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር፤ ከእሷ ነው የሰማሁት። ደመቀች አልጮኸችም። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ላንቺም አስቤ ነው አለ፣ መጨረሻ ላይ ተናደደና እውነቱን ተናገረ።

«እትዬ ደሙ፣ አንቺን ስጠብቅ ልሸብት ነው? ሰው የሚገዛው ፊትሽን ነው እንጂ ማርሽን መሰለሽ?»

«አስፋው ቢሰማህ?» አለችው።

«ጋሽ አስፋው ሞቷል።»

ሙሚና እንዳለችው ደመቀችን የመታት ይህኛው ነው። ስኳሩን ችላዋለች፤ ጠርሙሱንም ምናልባት ትችለው ነበር። ሬሳውን የተሸከመው ሰው እንደዚያ አድርጎ «ሞቷል» ማለቱን ግን አልቻለችውም።

ተመልሳ እንግዶቹ ፊት ቆመችና ቃል በቃል ይህን አለች፦

«ቀምሼዋለሁ። የኔ አይደለም። ጠርሙሱም የኔ አይደለም። ብርዝ አለ፣ ምሳ አለ፣ እሱ የኔና የሙሚና ነው።»

ተዋቸው ሳቀ። እትዬ ደሙ ቀልድ ትወዳለች፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት አለ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጥቂቶቹ አብረውት ሳቁ። ደመቀች ወደ እሱ ሄደች።

«በል እጅህን ዘርጋ» አለችው። «አንተ ቅመስ፣ አንተ ቅዳ።»

ሲዘረጋ መዳፉ ላይ አንቆረቆረችለት። ሰው እያየው ነው። እምቢ ይላል፣ ወይም ያፍራል ብላ ነበር፤ አስፋው ያሳደገው እጅ ነውና። እሱ ግን ዓይኗን እያየ ጠጣው፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ «ጠጅ ነው» አለ፣ ማንቆርቆሪያውንም ከእጇ ወስዶ መቅዳት ጀመረ። ኤሌኒ ብርሌዋን ከደነች። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ግን አስቀዳ፤ ጠምቶታል፣ ከሩቅ መጥቷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም አስቀዳ። ከግማሽ በላይ ጠጡ።

ደመቀች ምሳውን አቀረበች። ይህን ብዙ ሰው አይገባውም፣ ለምን ጥላቸው አልሄደችም ይላል። ምሳ ተብሎ ተነግሯቸዋል፣ ፍየሉ ታርዷል፣ እንጀራው ተጋግሯል። ሁሉንም «ብሉ» አለች፣ የሚጎርሱትን አጎረሰች። እንግዶቹ ሲሄዱ ብርሌዎቿን አጥባ በኩርቱ ፌስታል አሰረች፣ ከሙሚና ጋር በአንድ ባጃጅ ተመለሱ። በማግስቱ እኔ ጋ መጥታ ታፔላውን ንቀልልኝ አለች። ብረቱን ምን ላድርገው ብላት የፈለግከውን ብየድበት፣ ስሜን ብቻ ፋቀው አለች።

ጠርሙሱን ግን መንቀል አልቻለችም። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለሰች፤ ፎቶው ያንቺ ነው፣ ፈቅደሽ ነው የተነሳሽው፣ አሏት። እውነት ነው፣ ስቃ ነው የተነሳችው። ዛሬም ገበያ ስትወጣ የማታውቀው ሰው ሰላም ይላታል፣ ጠጅሽን ጠጣን ይላታል። አንዳንዱ ራሴን አመመኝ ይላታል። መጀመሪያ ላይ ቆማ ታስረዳ ነበር። አሁን «እግዜር ይማርህ» ብላ ታልፋለች። ሙሚና በንዴት ስትንጨረጨር «ተዪው፣ መልኬን ነው የወሰደው» ትላታለች፤ አባባሏ ግን የተወች ሰው አባባል አይደለም።

ያልደረሰው ጠጅ ደረሰ። ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ፣ አበባውም ተመልሶ ቦታውን ያዘ። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጠን ሳለ ተዋቸው ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። ትልልቅ ነጋዴዎች ይመስላሉ፤ እውነተኛዋን ደመቀች አሳያችኋለሁ ብሎ ያመጣቸው ሳይሆን አይቀርም። ምንም እንዳልተፈጠረ እትዬ ደሙ ብሎ ሰላም አላት። ሰላምታውን መለሰችለት። ቁጭ በሉ አለች።

ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለአንደኛው እንግዳ ቀዳች። እንደገና ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለሁለተኛው ቀዳች። ወደ ተዋቸው ዞረች። ማንቆርቆሪያውን ቀጥታ ብርሌው አፍ ላይ አድርጋ፣ ሳትቀምስ፣ እስከ አንገቱ ሞላችለት።

እንግዶቹ አልገባቸውም፤ እኛ ግን ገብቶናል፣ ከሁሉም በላይ እሱ ገብቶታል። ተዋቸው ብርሌውን አነሳ፣ ወደ ብርሃኑ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። መርዝ እንደሌለበት ያውቃል። ቢሆንም አልጠጣውም። እንግዶቹ ጨርሰው ሂሳብ ሲሉ ቀድሟቸው ወጣ።

ደመቀች ጠረጴዛውን ልታነሳ መጣች። ሙሉውን ብርሌ አነሳችና ከአፉ ላይ መዳፏ ውስጥ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው። ማር ነበር።