በደጃፉ ላይ የሚሠራው ቆብ

ሴትዮዋ ከአባቷ ክፍል ደጃፍ ወንበር ጎትታ ከጠዋት ጀምሮ ቤሬት የሚሉትን ክብ የሱፍ ቆብ ትሠራለች። ስሟን ሲጠይቋት "የእሱ ልጅ ነኝ" ብላ ዘግታለች። ቦት ጫማዋ ላይ የበረት ጭቃ ደርቋል። የሹራብ መርፌዎቹን ስታጋጭ ሰው የምትወጋ ትመስላለች።

የአረጋውያን መጦሪያ ቤቱ ረዳት ማይሊስ ምክንያቱን ታውቃለች። ልብስ አጣቢዎቹ የሽማግሌውን ቤሬት በፈላ ውሃ አጥበው ለሕፃን ራስ የሚሆን አድርገው መለሱት። በዚህ በፒሬኔ ተራራ ሥር ወንድ ቆቡን የሚያወልቀው ለቤተ ክርስቲያንና ለአልጋ ብቻ ነው። ሽማግሌው "ራቁቴን አልወጣም" ብለው በራቸውን ዘጉ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

"ከሱቅ አዲስ እንገዛላቸዋለን እኮ፣ እትዬ" አለች ማይሊስ።

"ያኛውን የሠራችው እናቴ ናት። እሷንም ከሱቅ ግዙልኛ!"

ማይሊስ ነገሩን ለማብረድ ሞከረች። በሴትዮዋ ጭን ላይ የተዘረጋው ሥራ በጣም ሰፊ ነበር። "ይሄ ለእሳቸው ነው ወይስ ለበሬያቸው?"

"ሲታጠብ ይጠባል። ማጥበቡን እናንተም ታውቁበታላችሁ።"

ከበሩ ጀርባ ሽማግሌው ሳሉ። "አለቀ?" አሉ።

ሴትዮዋ ሥራዋን አየችው። ግማሹም አልደረሰም።

"እያለቀ ነው፣ አባዬ።" ማይሊስ ይህን ለስላሳ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ አልሰማችውም። "አንተ ሾርባህን እስክትጨርስ እደርሳለሁ።"

ከበሩ ጀርባ "እሺ፣ ሾርባው ይምጣ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሴትዮዋ ወደ ማይሊስ ዞረች።

"ምን ትገተሪያለሽ? ሩጪ እንጂ!"