ፓምፑ ማን ጋ ነው?

ኡሙሀኒ በቀኝ እጇ ትንሽ ካቻቢቴ፣ በግራዋ የዶሮ ላባ ይዛ የጆይስቲኩን ሆድ ትጠርጋለች። ብሎኖቹ እንዳይጠፉባት በሻይ ስኒ ውስጥ ሰብስባቸዋለች። ከጆይስቲኩ የሎጊያ አቧራ ወጣ፣ የጫት ቅጠል ስብርባሪ ወጣ፣ በመጨረሻም ከቀኙ ቁልፍ ስር ላባ የማይነቅለው ጥቁር ግሪስ ተገኘ። ቁልፉ ሲጫኑት እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አልኮል ቤት ውስጥ የለም። ተነሥታ ከሣጥኗ የሽቶ ጠርሙስ አወጣች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ከጅቡቲ ያመጣላት፣ ለዒድና ለሰርግ ብቻ ጠብ የምታደርገው ሽቶ ነው። የጨርቅ ጫፍ ነከረችና ታሸው ጀመር።

“ዛሬ ብቻ እሺ በለኝ” አለችው ቁልፉን። “ከዛሬ ወዲያ ብትፈልግ ድንጋይ ሁን።”

ያ ቁልፍ የመተኮሻው ቁልፍ ነው። ዛሬ ካልሠራ ወንድሟ ሀሰን ነገ ጠዋት በሌብነት ተከሶ ሰመራ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ባሌስትራው ተጠግኖ ጋራዥ በር ላይ የቆመው፣ ሀሰን የሚነዳው ባለ ተሳቢ መኪናም ከእጁ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ደውሎ “ነገ ካልተነሣ ሌላ ሾፌር እልካለሁ” ብሏል። ሀሰን መሪ እስኪይዝ ድረስ ምን ያህል ጎማ እንደፈታ፣ በስንት የመኪና ሆድ ስር እንዳደረ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኡሙሀኒ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከባቲ ወርደው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጎጆ የቀለሱ ሰዎች ነበሩ። እናታቸው ስትሞት ሀሰን ገና ጡት መተዉ ነበር፤ እሷ ናት አዝላው በባቡሩ መስኮት ስር ብርቱካን የሸጠችው። ባቡሩ እየደከመ፣ ገበያውም ወደ አስፋልቱ ሲዞር ሾፌር አገባችና መንገዱን ተከትላ ሎጊያ ወረደች። አንድ ጊዜ ባሏን ከጅቡቲ ድሪያ አምጣልኝ ብላ አዘዘችው። እሱ ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ተሸክሞ ከች አለ።

“ይሄ ይለበሳል?” አለችው።

“ያለብስሻል” አላት።

እውነቱን ነበር። ወባ እሱን ከወሰደው ወዲህ ያለበሳትም ያበላትም ያ ዕቃ ነው። ጭነት የሚጠብቅ፣ ጎማ የሚያስለጥፍ፣ መለዋወጫ ይመጣልኛል ብሎ የተቀመጠ ሾፌር ሁሉ ከፍሎ የሚጫወትበትን የእሷን ቆርቆሮ ቤት ያውቃል።

ዲስኩ የጅቡቲ ስለሆነ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። ሾፌሮቹ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት የጦር ሜዳውን ጌም ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የአደን ጠመንጃ የመሰለ፣ ሌላው አገር ሾትጋን የሚለው አጭር መሣሪያ አለ። አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ከአፈሙዙ በታች ያለው እጀታ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ይገፋል፤ “ክሽክ!” ይላል። ከቅርብ ሲተኩሱት ሰውን ከግድግዳ ያጣብቃል፤ ከሩቅ ከሆነ ግን አቧራ ከማስነሣት አያልፍም። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች “ፊዚል አ ፖምፕ” ብለው አነበቡት። ፊዚሉ ብዙ አልሰነበተም፤ በመንገድ ወድቆ ቀረ። ፖምፑም ሎጊያ ሲከርም “ፓምፕ” ሆነ።

ሀሰን ከፓምፕ ሌላ መሣሪያ አይነካም። “ከሩቅ መተኮስ የፈሪ ነው” ይላል። “እኔ ፊቱን ሳላየው ሰው አልመታም።” ኡሙሀኒ በጓዳ ሆና ያንን “ክሽክ” ስትሰማ ወንድሟ መቀመጡን ታውቃለች።

እንግዲህ የሰፈሩ ውሃ ከጉድጓድ የሚሳብበትም ፓምፕ ነው ስሙ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ሰሞን ውሃው ቆመ። የጉድጓዱ ቤት ተከፍቶ ሲታይ ፓምፑ ከነሞተሩ የለም። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ፣ ከድሩ የሚባለው ሰው፣ ባቲ ለቅሶ ሄዷል፣ ስልኩንም አያነሣም ተባለ። በዚያ ሙቀት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን እያንጠለጠሉ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ሾፌሮችም ከመኪና ስር እንደወጡ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ጆይስቲክ ሲይዙ ሰነበቱ። የኡሙሀኒ ጎረቤት አስረሳሽ ባዶ ጀሪካኗን አስቀምጣ በቆርቆሮው ጥላ ስር አረፍ እንዳለች ከውስጥ የሀሰን ድምፅ መጣ።

“ፓምፑ እኔ ጋ ነው! አትልፉ!”

“ከየት አገኘኸው አንተ?”

“ከመጋዘኑ ጀርባ! ማንም ሳያየኝ ነው ያነሣሁት። ወንድ የሆነ መጥቶ ይውሰደው!”

አስረሳሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ጆሮዋ የሰማውን ለውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ለአቶ እንድሪያስ ነገረች። እሳቸውም ሰመራ ቢሮ ውለው ሎጊያ የሚያድሩ፣ ውሃ በማጣት ከሰፈሩ ጋር የተቃጠሉ ሰው ናቸውና ሳጅኑን ይዘው መጡ። ሀሰን ጆይስቲኩን ገና አላስቀመጠም ነበር።

“ፓምፑ እኔ ጋ ነው ብለሃል?” አለ ሳጅኑ።

“ብያለሁ።”

“የታለ?”

“የቱ? … አይ! ወላሂ የውሃው አይደለም። ፓምፕ ማለት ጠመንጃ ነው!”

“ጠመንጃ?” አቶ እንድሪያስ ወደ በሩ ሸሸት አሉ። “ጠመንጃም አለህ?”

“የምን ጠመንጃ ነው?” አለ ሳጅኑ።

“የፈረንሳይ ነው” አለ ሀሰን ነገሩን ሊያቀና፤ ጭራሽ አበላሸው።

ሀሰን ታስሮ ጣቢያ ገባ፤ ኡሙሀኒም ተከትላ ሄዳ ለማስረዳት ሞከረች። ሳጅኑ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ አዳመጣት፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። “እትዬ ኡሙሀኒ፣ የምስክር ቃል ተቀብያለሁ። አሁን በሌላ ቃል ላነሣው አልችልም።”

“በቃል ካልተነሣ በዓይን ይነሣል” አለችና ወጣች።

ለዚህ ነው ሽቶዋን በቁልፍ ላይ የምታፈሰው። ቁልፉ ሲጫኑት ወርዶ ሲለቁት መመለስ ጀመረ። ብሎኖቹን መለሰች። ቴሌቪዥኑንና ፕሌይስቴሽኑን ባሏ ባመጣበት በዚያው ብርድ ልብስ ጠቀለለችና በእጅ ጋሪ ላይ አስጭና ከፊት ከፊት ሄደች።

አስረሳሽ በመንገድ አገኘቻት። “ኡሙዬ፣ ልትሰደጂ ነው እንዴ?”

“ጠመንጃውን ለመንግሥት ላስረክብ ነው።”

አስረሳሽ ይህን ሰምታ እንዴት ወደ ቤቷ ትመለስ? ጀሪካኗን እንደያዘች ተከተለች። እሷን ያዩ ሴቶችም ውሃ የተገኘ መስሏቸው ከኋላ ተሰለፉ።

ሳጅኑ ጋሪውን ሲያይ ተነሣ። “ይሄ ደግሞ ምንድነው?”

“ኤግዚቢት ነው” አለች ኡሙሀኒ። “አቶ እንድሪያስንም ያስጠሩልኝ። ሀሰንን ያውጡትና በዓይናችሁ ያሳያችሁ።”

“ተጠርጣሪ ጣቢያ ውስጥ ጌም ሲጫወት ይዋልልሽ?”

“እንግዲያው እኔው አሳያለሁ።”

ከውስጠኛው ክፍል የሀሰን ድምፅ ተሰማ። “እቴ፣ ተይ አትችይውም! ጆይስቲክ ጠርገሽ እንጂ ተጫውተሽ መች ታውቂያለሽ?”

“ዝም በል! አንተን አዝዬ ከባቡር ጋር የሮጥኩ ሴት ይሄ ያቅተኛል?”

አቶ እንድሪያስ መጡ፣ ቴሌቪዥኑ ተሰካ፣ ሴቶቹ በመስኮቱ ስር ተቀመጡ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የውጩ ሰው ይሰማል እንጂ አያይም። ኡሙሀኒ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጀመረች። ከበሩ ወጣ ከማለቷ በጥይት ወደቀች። እንደገና ተነሣች፤ አሁንም ወደቀች። ግድግዳ ፊት ቆማ ሰማይ ሰማይ ስታይ ወደቀች። ነገር ግን መንገዱን በጆሮዋ ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ ነው ከጓዳ ሆና “በርሜሎቹን በግራ እለፍ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ዙር” ሲባል የሰማችው! እሷ ስትወድቅ ሳጅኑ ሰዓቱን ያያል፤ ስትነሣ ግን ስክሪኑን ያያል።

“ይበቃሻል እትዬ” አለ።

“አልበቃኝም። ወንድሜ ውስጥ ነው።”

በርሜሎቹን አለፈች። መጋዘኑ ታየ።

“ጎንበስ በይ እንጂ!” አለ ሳጅኑ ሳያስበው። “ጎንበስ በይ! በቀኝሽ አለ! … ኤጭ!”

ወደቀች። ሳጅኑ እጁን ዘረጋ። “እስቲ ወዲህ በይው።” ጆይስቲኩን ሲቀበል አፍንጫውን ነፋ አደረገ። “ይሄ ነገር ሽቶ ሽቶ ይላል ልበል?”

“ሙሽራ ናት” አለች ኡሙሀኒ።

አቶ እንድሪያስም ለማጣራት ያህል ብለው ሁለተኛውን ጆይስቲክ ያዙ። ሳጅኑ በርሜሎቹን አለፈ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ዞረ፣ እዚያ መሬት ላይ አጭሩ ጠመንጃ ተጋድሟል። ሲያነሣው ያ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። “ክሽክ!” አለ።

“ያውና ፓምፑ” አለች ኡሙሀኒ። “ሾፌሮቹ ፓምፕ የሚሉት ይሄንን ነው።”

ማን ሰምቷት! አቶ እንድሪያስ በጠላት ተከበው ነበር። በአንቱታ ይከባበሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ወደ አንተ ከወረዱ ቆይተዋል።

“ሳጅን! ፓምፑ አንተ ጋ ነው?” ብለው ጮኹ።

“እኔ ጋ ነው!”

“ታዲያ ምን ይዘህ ያስቀምጥሃል? ወዲህ አምጣው!”

“አልሰጥም! እኔ ነኝ ያገኘሁት!”

ከመስኮቱ ስር የአስረሳሽ ድምፅ ተነሣ። “እናንት ሴቶች! ፓምፑ እዚህ ነው! ሳጅኑ ጋ ነው! ጭራሽ አልሰጥም ይላል!”

ባዶው ጀሪካን ሁሉ እንደ ከበሮ ይደበደብ ጀመር። በሩ ተንኳኳ፣ ቆይቶም ተገፋ። ሳጅኑ ጆይስቲኩን እንደያዘ ብድግ አለ። “እናቶች፣ ተረጋጉ! የውሃው አይደለም። ፓምፕ ማለት … ጠመንጃ ነው!”

“ጠመንጃ?” ሴቶቹ ተያይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

ሳጅኑ ዞሮ ኡሙሀኒን አያት። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

“የፈረንሳይ ነው ይበሏቸው” አለችው ቀስ ብላ።

መጀመሪያ የሳቀው ከውስጠኛው ክፍል ሀሰን ነው። ቀጥሎ ሳጅኑ ራሱ። አቶ እንድሪያስ ግን አልሳቁም፤ የእስር ክፍሉ በር ቁልፍ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከውስጠኛው ክፍል በር ፊት ቆመው “ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ” አሉ። ቴሌቪዥኑንም ራሳቸው ተሸክመው እስከ ጋሪው አደረሱ። አስረሳሽ ዓይኗን ከመሬት ማንሣት አቅቷት ነበር።

“ጆሮሽ ምን አጠፋ” አለቻት ኡሙሀኒ። “ቆርቆሮዬ ነው የሳሳው።”

ሀሰን ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። የውሃው ፓምፕም አልተሰረቀም ኖሯል። ሞተሩ ተቃጥሎ ከድሩ ሽቦውን ለማስጠምጠም አዋሽ በመኪና ልኮት፣ የእናቱ እረፍት ድንገት ሲሰማ ለኮሚቴው ንገርልኝ ብሎ ለአንድ ሰው አደራ ሰጥቶ ነበር፤ ያ ሰው አደራውን ረሳ። ከድሩ ከለቅሶ ተመልሶ ይህን ሲናገር ሀሰን ከአዲስ አበባ ባዶውን እየተመለሰ ነበርና አዋሽ ላይ እንዲጭነው ተደወለለት። ሎጊያ ሲደርስ ክላክሱን ከመግቢያው ጀምሮ ሳይለቅ፣ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጮህ ነበር፤

“ፓምፑ እኔ ጋ ነው! ወንድ የሆነ መጥቶ ይውሰደው!”

ወንዶቹን ማን ጠበቀ? አስረሳሽ ናት ቀድማ ተሳቢው ላይ የወጣችው።

ኡሙሀኒ ዛሬም እዚያው ቆርቆሮ ቤቷ አለች። በበሯ አጠገብ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አኑራለች፤ ውሃው ያ ፓምፕ የሳበው ነው። እናንተም በዚያ መንገድ ስታልፉ ጎራ ብላችሁ ብትጫወቱ ደስ ይላታል። ብቻ አደራችሁን፣ ጠመንጃውን ከማንሣታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡላት። ሽቶዋ አልቋል።