በማለዳ፣ ሦስት ሆኖ፣ ወደ ጫካ

ዋይትሆል፣ አሜሪካ፣ ገና ሳይነጋ፤ መስከረም 2014 ማለቂያ

ጋሽ ብርሃኑ ከአፓርትመንቴ ደጃፍ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ከቀትር በኋላ ኤርፖርት እንግዳ የሚያነሱ ስለሆነ፣ የሚሠሩበት ድርጅትም ሾፌር ያለ ሱፍ ስለማያሰራ፣ ተመልሰው ልብስ ከመቀየር ለብሰውት ቢሄዱ ይሻላል ብለው ነው። ከኋላ እትዬ ብርቱካን ተቀምጠዋል። የመኪናው ሂተር አይሠራም፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሥራቸው አሮጊት አሜሪካውያንን መንከባከብ ነው፤ የእሳቸውም ሺፍት ከሰዓት ይጀምራል። እንዲህ በማለዳ የተነሳነው ለዚህ ነው።

የምንሄደው ተስፋዬ ዘንድ ነው። ተስፋዬ በዲቪ መጥቶ ግሮቭፖርት ካሉት ዌርሃውሶች፣ ከትልልቆቹ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ለዓመታት ካርቶን የደረደረ ወዳጃችን ነው። ባለፈው ጸደይ ሥራውን ትቶ፣ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ኮረብታዎች መሃል የአንድ ገበሬ አሮጌ የትሬይለር ቤት ተከራይቶ ጫካ ገባ። ሰበቡ መጽሐፍ ነው። የዛሬ መቶ ሰባ ዓመት አካባቢ አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ኩሬ ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ባቄላ ዘርቶ፣ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይለፋል ብሎ ጻፈ። አሜሪካኖች መጽሐፉን በትምህርት ቤት ያነቡታል፤ ከዚያ ሁለት መኪና ይገዛሉ። ተስፋዬ ግን አመነው።

ሰሞኑን እህቱ ከአሰላ ኮል አደረገችልኝ። እናታቸው ታመዋል። የልጄን ድምፅ አሰሙኝ ይላሉ፤ የልጃቸው ስልክ ግን አይጠራም። እባካችሁ አስደውሉት አለች። ጉዳያችን ይኸው ብቻ ነው።

ግሮቭፖርትን አልፎ

ዌርሃውሶቹ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ቆሙ መርከቦች ተደርድረዋል። መስኮት የላቸውም። የሌሊት ሺፍት እየወጣ ነው፤ ወንዶችና ሴቶች ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው መኪናቸውን ይፈልጋሉ። እዚህ የሠራ ሰው ጫካ ቢገባ አልፈርድበትም። የምፈርደው በመጽሐፉ ላይ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ ጸሐፊው ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁኝ። ባቄላና አልፎ አልፎ ዓሣ አልኳቸው። ጾመኛ ነበር ማለት ነው አሉ። እትዬ ብርቱካን ከነጠላቸው ውስጥ ገቡበት።

«እናት አልነበረችውም?»

«ነበረችው። ቤቷ ከጎጆው በእግር የሚደረስ ነበር።»

«ታዲያ ምኑን ጫካ ገባ? ጎረቤት ተከራየ በለኛ።»

ስለዚህ ሰው በርካታ ትንታኔ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ አጥርቶ የጨረሰው የለም። የእሱ ብቸኝነት ሲሰለች በእግር የሚመለሱበት ብቸኝነት ነው። በወረርሽኙ ዓመት እኔም ከእሱ በባሰ ቀላል ኑሮ ኖሬያለሁ። ሩዝ፣ ግድግዳ፣ በመስኮት የሚታይ አንድ ዛፍ። ማንም ፈላስፋ አላለኝም።

ሎጋን

በዚህች ትንሽ ከተማ ነዳጅ ቀዳን። የማሽን ቡና ጠጣን፤ ትኩስ ከመሆኑ በቀር የሚነገርለት ነገር የለውም። ከዚህ በኋላ አስፋልቱ ይጠብና ይጠማዘዛል። የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ፣ የዛገ ትራክተር፣ እንደገና ዛፍ። ስልኬ ላይ ያለው ኔትወርክ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ኮረብታው ሥር

ተስፋዬ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል፤ ግን ያምርበታል። መኪናችንን ሲያይ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። ሦስት በር ተከፈተ። መጀመሪያ ጥቁር ሱፍ ወረደ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ቀጥሎ ድስት የተሸከምኩት እኔ። ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ አልወጣችም።

ፈገግታው ጠፋ። መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛውና ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ ናት?» አለ።

ያን ጊዜ ብቻ ራሳችንን አየሁ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይረዳም፤ በማለዳ፣ ሰብሰብ ተብሎ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። ሦስታችንም ብዙ ጊዜ ሄደን እናውቃለን። ግን በመንገዱ ሙሉ ስለ ባቄላ ስናወራ አንዳችንም ምን እንደምንመስል አላሰብንም።

ጋሽ ብርሃኑ ነገሩን ሊያረጋጉ «መጀመሪያ ቤት እንግባና ቁጭ በል» አሉት። መርዶ ነጋሪ የሚለው ይህንኑ ነው። እትዬ ብርቱካን ደግሞ «ትንሽ አሟት ነው እንጂ ደህና ናት» አሉ። የባሰው ይህ ነበር። ተስፋዬ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ከዛፎቹ ወፎች ተነሱ።

«ማርያምን፣ በሕይወት አለች» አሉት ጋሽ ብርሃኑ።

«በአባቴም ጊዜ ማርያምን ተብሎ ነው የተማለልኝ።»

ያለው አንድ መንገድ ማስደወል ነው፤ ኔትወርክ ያለው ደግሞ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ወጣን። እትዬ ብርቱካን ክንዱን ይዘውታል፤ ጋሽ ብርሃኑ ከሱፉ ጋር ባደረጉት ጫማ እርጥብ ቅጠል ላይ ይንሸራተታሉ። ዛፎቹ ቀልተውና ቢጫ ሆነው ሰው ከሩቅ እየመጣ ፎቶ የሚያነሳቸው ዓይነት ነበሩ። ከመካከላችን ቀና ብሎ ያያቸው የለም።

ተስፋዬ አልደውልም አለ። የእናቱን ቁጥር አውጥቶ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ማንም አላነሳም። ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እህቲቱ ለእኛም ደብቃን ቢሆንስ? «አሟታል» ያለችን እኛ ሦስት ሆነን በማለዳ እንድንደርስለት ቢሆንስ? የጋሽ ብርሃኑን ፊት አየሁ፤ እሳቸውም እዚያው ደርሰዋል። እንደገና ደወልኩ።

«ማነው?» አለ የደከመ የሴት ድምፅ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት።

«ተስፋዬ? ምን ሆነህ ነው? ከአጠገብህ ያለውን ሰው አቅርብልኝ። ልጄን ምን አድርገውብኝ ነው?»

«ደህና ነኝ እማዬ» አለ በመጨረሻ። «እንጨት እየፈለጥኩ ነበር።»

«እንጨት? አሜሪካ ድረስ ሄደህ?» እናቱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳሉን እስኪያበቃ አዳመጠ። እኛ ፈቀቅ አልን።

ከተማ እንመለስ ብለን ለመንነው፤ አልመለስም አለ። ግን ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ሳይበላ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሊደውልላቸው ለእትዬ ብርቱካን ቃል ገባ። ከድስቱ ምስር ወጥ በላን። ልንሄድ ስንል በመኪናው መስኮት ጎንበስ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«አንተስ? አንድ ነገር ቢሆን አገር ቤት ያሉት ለማን ነው የሚደውሉት?»

እኔ በኢሜይል ነው የምረዳው አልኩት። ጋሽ ብርሃኑ ሞተሩን አስነሱ።

ዋይትሆል፣ ቀትር

ጋሽ ብርሃኑ የሱፋቸውን ጭቃ በመሀረብ እየጠረጉ አወረዱኝ። ደረጃውን ወጣሁ። በዚህ ፎቅ ስድስት በር አለ። ማን ያዘዘው ዕቃ መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ከጫካው እስከዚህ ድረስ ያልመለስኩት ጥያቄ ከእኔ ጋር ገባ። ሐዋሳ ያለችው እህቴ ከእኔ ቁጥር በቀር እዚህ አገር የማንም ቁጥር የላትም። ለጽሑፌ ፀጥታ ያስፈልገኛል እያልኩ ያመቻቸሁት ኑሮ ነው።

የተስፋዬን ቁጥር ላክሁላት። የማን ነው ብላ ወዲያው ጻፈች። ጫካ የሚኖር ወዳጄ ነው፣ ምናልባት አንድ ቀን እኔን ማርዳት ቢያስፈልግሽ ያዢው አልኳት። ጫካ ውስጥ ስልክ ይሠራል ወይ አለችኝ።

«አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። «ግን ጠዋት ጠዋት ኮረብታ ላይ ይወጣል። በእናንተ ከሰዓት ነው። ያን ጊዜ ደውዪለት፤ ይመጣል።»